ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ

ሰኞ፣ ከእራት በኋላ

አዲሱን ሥራ ጀመርኩ። ሥራ ከተባለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትልቅ ሆስፒታል ሆዱ የተከፈተ፣ ደረቱ የተሰነጠቀ ሰው ሳስተኛና ሳነቃ ኖሬ፣ በጡረታዬ ጥርስ ፈሪዎችን እሹሩሩ ልል! ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ባለቤቱ የራሱን ፎቶ አሰቅሏል፤ ያሉትን ጥርሶች ሁሉ አውጥቶ ይስቃል። ከሥሩ «ተኝተው ይታከሙ፣ ስቀው ይውጡ» ይላል። እኔ ፈገግታው ብዬዋለሁ። ስሙን ማን ይሸከምለታል።

ፈገግታው እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ «እማማ፣ እርስዎ ካሉልኝ እኔ ምን ያሳስበኛል» አለኝ። እማማ! እናቱ ቤቷ ናት። ማሰብስ ነበረበት። እስካሁን በሽተኛውን እሱው በመርፌ ያስተኛል፣ እሱው ይሰረስራል፣ ትንፋሹንም እሱው ይጠብቃል። ሰው አፍ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ የዋለ ሰው ደረት ይነሳ አይነሳ በምኑ ነው የሚያየው? በማጅራቱ? «እስካሁን ምንም አልገጠመኝም» ይላል። ቀበቶ ሳያስር የሚነዳ ሁሉ እስኪገለበጥ ድረስ የሚለው ይህንኑ ነው።

ቁርጡን ነገርኩት። በልቶ የመጣ አይተኛም። ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ያላመጣ አይተኛም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይተኛም። እኔ ደግሞ ጥጥ አላቀብልም፣ መብራት አልይዝም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የምጠብቀው። ራሱን ነቀነቀ። የገባው አይመስለኝም፤ ሰው ሲናገር ራሱን መነቅነቅ የለመደ ነው።

ማክሰኞ

የፈገግታው ረዳት የማሽኑን ስክሪን ወደ እኔ ልታዞርልኝ ተነሳች። ተይው አልኳት። እኔ ስክሪን አላይም። በእጄ ያለፉ ተማሪዎች ሁሉ ይህንን ያውቃሉ፤ ጀርባችሁን ለስክሪኑ፣ ዓይናችሁን ለበሽተኛው፣ ጆሯችሁን ለማሽኑ። ጣት ላይ የምትቆነጥጠው መሣሪያ ልብ በመታ ቁጥር ጢጥ ትላለች፤ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ ድምጿም አብሮ ይወርዳል፣ ይወፍራል። ጆሮ ያለው ሰው ቁጥሩን ሳያይ ያውቃል። ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰነፍ ነው። ቁጥር ሲቆጥር ሰው ያመልጠዋል።

የዚህ ክሊኒክ ማሽን ግን ድምፁ የታመመ ጫጩት ነው። ርካሹን መርጦ ገዝቶ። አንድ ነገር ላመስግነው ካልኩ መሰርሰሪያውን ነው። የድሮው የጥርስ መሰርሰሪያ ጭንቅላት ይበሳ ነበር፤ የሱ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ይህንን ለረዳቷ ብነግራት ከማስኳ በላይ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ምስጋና ሰምታ የማታውቅ ልጅ።

ሐሙስ

ዛሬ አንድ የቤት ደላላ ሦስት ጥርስ ሊነቀል መጣ። «ከትናንት ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም» ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ጢሙ ላይ የእንቁላል ፍርፋሪ ተንጠልጥሏል። «ይሄስ የማን ነው?» አልኩት በጣቴ እያሳየሁ። «ሚስቴ በባዶ ሆድህ መድኃኒት አትወስድም ብላ ነው» አለ፤ እፍረት የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም። ሰው ሲተኛ ጉሮሮውም አብሮ ይተኛል። የበላው ሽቅብ መጥቶ ሳንባው ውስጥ ቢገባ፣ በጥርስ የመጣው ሰውዬ በሳንባ ሊሄድ ነው። ወደ ቤትህ አልኩት።

ፈገግታው በሩ ላይ ያዘኝና «እማማ፣ ትንሽ እንቁላል እኮ ናት» ይለኛል።

«ትንሽ ሬሳም አለ?» አልኩት።

ቅዳሜ

ባለቤቴ ዛሬም ቴሌቪዥኑን ቀንሶ ቀንሶ፣ ሰዎቹ አፋቸውን እንደ ዓሣ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ከፍ ሳደርገው «ጎረቤት! ጎረቤት!» እያለ ይንጨረጨራል። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ሲያስተምር ከተማሪ ጩኸት ጋር ኖሮ አሁን ድምፅ አልችልም አለ። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።

ሰውም ማጉረምረም ብቻ ሆኗል። በማስክ ማውራት ከለመዱ ወዲህ ቃሉን ግማሹን ይውጡታል። ረዳቷ ትውጣለች። እንግዳ ተቀባዩ ይውጣል። የመድኃኒት ቤቷ ልጅማ ጭራሽ አፏን አትከፍትም። ድሮ ትምህርት ቤት ቆመን ጮክ ብለን እናነብ ነበር፤ እሱ ቀርቶ ነው አገሩ ሁሉ ሹክሹክታ የሆነው።

ሰኞ

ታናሽ ወንድሜ እሙዬን ይዞ መጣ። እሙዬ አንድያ ልጁ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አእምሮዋ ግን ከሕፃንነት አላለፈም፣ አትናገርም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ይዟት እየዋለ ብቻውን ነው የሚያሳድጋት። ከእሷ ሌላ የለውም፤ ለእሷም ከእሱ ሌላ የላትም።

ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ በስብሰዋል። ሲያማት ጉንጯን በጡጫ ትመታለች፤ በልዟል። የጥርስ ወንበር ላይ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነው። ባለፈው የሞከረው ሐኪም ትሪውን ከነዕቃው አንስታ ስትወረውረው ነው የተወው። ተኝታ ካልሆነ አትነካም። የሆስፒታሉ ወረፋ ደግሞ ልጅቷ እስክታረጅ ነው።

«እታለም፣ ካንቺ ሌላ ለማን አምኜ እሰጣታለሁ?» አለኝ። ለማንም። ዙሪያዬን እያየሁ እኮ ነው! ከፈገግታው ጋር ተነጋግረን ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቀን ቆረጥን። እኔው አስተኛታለሁ፣ እኔው አነቃታለሁ።

አንድ ነገር ከፋኝ። እሙዬ ደስ ሲላት ታንጎራጉር ነበር፤ ዜማ ይሁን ምን ይሁን ባይታወቅም ቀኑን ሙሉ ነበር። ዛሬ ጭጭ። ሕመሙ ማንጎራጎሯን ሳይቀር ቀማት። ለወንድሜ ይህንን ብለው ጎንበስ ብሎ የጫማዋን ክር አሰረ። ክሩ የተፈታ አልመሰለኝም።

ረቡዕ፣ ቸኩዬ

ምንም አልሆነም። ለመጻፍም አይበቃ። አንድ ወፍራም ሹፌር። አንገት የለው፤ ጭንቅላቱ ትከሻው ላይ የተጣደ። ተኛ። ፈገግታው ይሰረስራል። ሁሉ ደህና። ረዳቷ ትከሻዬን ነካች። ዞር ስል ስክሪኑ ላይ ሰማንያ አንድ። አገጩን ወደ ላይ ሳብኩ፣ ኦክስጅን ከፈትኩ፣ አንዴ ጓ አለና ተነፈሰ። ተመለሰ። አውቄ ነበር። ልነሳ ስል ነው የነካችኝ። ጠሩኝ፣ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ማታ

ሹፌሩ ሚስቱን ተደግፎ እየሳቀ ወጣ። ምንም አያውቅም። የሚያሳስብ ነገር ስላልነበረም ነው።

የደም ኦክስጅን ከመቶ ሰማንያ አንድ ማለት ደግ አይደለም። ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ነው ሰው። ከዘጠና ሲወርድ ብድግ ይባላል። ግን ደረቱ ይነሳ ነበር! በዓይኔ እያየሁት። ጉሮሮ ሲዘጋም ደረት መታገሉን አይተውም፤ አየር ሳይገባ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህንን ለተማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ጆሮ የሚያስፈልገው። ማሽኑ ድምፁን ቢያወርድልኝ ኖሮ እሰማው ነበር።

«ማን ነው ድምፁን የቀነሰው?» ብዬ አፈጠጥኩባቸው። ፈገግታው ቁልፉን ነክቶ «እማማ፣ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ነው» አለኝ። ረዳቷ በማስኳ ውስጥ የሆነ ነገር አጉተመተመች፤ እሱ በእጁ ተይ አላት። እንግዳ ተቀባዩ ሳይቀር ከታች ካለው ክፍሉ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በሩ ላይ ተገትሯል። «ምን ሆነ? ምንድነው የሚጮኸው?» ይላል። ወሬኛ። ሥራ ጠፍቶ ነው።

ማሽኑ ተበላሽቷል። ነገ ጠጋኝ ይጠራ ብያለሁ።

ዓርብ

ጠጋኙ መጣ። ማሽኑን ፈታ፣ ገጠመ፣ ደወሉን ሞከረ። ረዳቷ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። ፈገግታውም ፊቱን እንደ ሎሚ አጨማደደ። ቲያትር ነው የሚሠሩልኝ። ጠጋኙ ወደ እኔ ዞሮ «ይሰማዎታል፣ እማማ?» አለኝ። እሱም እማማ!

«እንዴት አይሰማኝም» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? የሆነ ነገርማ ይሰማል። ከሩቅ። ከግድግዳ ወዲያ።

ከሄደ በኋላ ፈገግታው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «አይቀየሙኝና፣ ጆሮዎን ቢታዩ? እናቴም እንደዚሁ...» ደሜ ፈላ። እናቱን ምን አመጣት? «አንተ አስቀድመህ ስንት ጊዜ የለመንኩህን የትንፋሽ መለኪያ ግዛ» አልኩት። ትንፋሽ በገባ በወጣ ቁጥር መስመር የሚስል ማሽን ነው፤ መስመሩ ከተኛ ትንፋሽ የለም፣ አለቀ። ያለሱ ማስተኛት ድፍረት ነው።

«ገዝቼዋለሁ፣ ሰኞ ይመጣል» አለኝ። «ግን እሱም ስክሪን ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ አያዩም።»

ይህ ልጅ ምላስ አወጣ። ቀጠለና «የድሮ ተማሪዎን አብሮዎት እንዲሠራ ልጥራው?» አለ። የትኛው ነው ብል፣ ኤሊው! ክፍል ውስጥ ኤሊ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። አንዴ ቁጥሩን፣ አንዴ በሽተኛውን፣ እንደገና ቁጥሩን፣ ሲዟዟር የሚውል። አንድ መርፌ ለመውጋት ሦስት ጊዜ ጠርሙሱን ያነባል። ከሱ ጋር ከምሠራ ቤቴ ሽንኩርት ልክተፍ አልኩት።

እሁድ

ሽንኩርት ስከትፍ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ከሰል ሆነ። የምድጃው ደወል አልጮኸም። ባለቤቴ «ጮኋል» ይላል። የት ሆነህ ሰማኸው ብለው፣ ሽንት ቤት። «እኔ ከሽንት ቤት ሰማሁት፣ አንቺ አጠገቡ ቆመሻል» አለኝ። አፉን ገጥሞ ሊተወው ይችል ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ሦስት ቀን እንደማላናግረው ያውቃል፤ ወዲያው ትቶት ጋዜጣውን አነሳ።

እሙዬ ሐሙስ ናት።

ሰማንያ አንድ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሳህን ሳጥብ ሰማንያ አንድ። ፀጉሬን ሳበጥር ሰማንያ አንድ። ደክሞኝ ነበር፣ ከሌላ አይደለም። ደግሞም የዚያ ሰውዬ አንገት! እሙዬ ቀጭን ናት፣ አንገቷ እንደ ሸንበቆ ነው፤ የሷ ጉሮሮ በቀላሉ አይዘጋም። ምላሷ ግን ትልቅ ነው። እንደሷ ያሉ ልጆች ምላሳቸው ወደ ኋላ ይወድቃል። ይህንንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

አዲሱ የትንፋሽ መለኪያ ገብቷል። ዛሬ ሁለት ሰው አስተኛሁ። ሰረቅ አድርጌ ስክሪኑን አየሁ። አንዴ። ሁለቴ። ረዳቷ አየችኝ መሰለኝ። አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው የማየው አልኳት፤ ሳትጠይቀኝ።

ሁለቱም ደህና ወጡ። ግን የበሽተኞቹን ደረት ሳይሆን የረዳቷን ፊት እያየሁ ነበር ስሠራ የዋልኩት። እሷ ቅጭም ስትል ልቤ ይወርዳል፣ እሷ ስትረጋጋ እረጋጋለሁ። አንዴ በስልኳ መልእክት ደርሷት ተደናገጠች፤ እኔ የበሽተኛውን አገጭ ይዤ ተገኘሁ። ምን ያለ ነገር ነው ይሄ።

ረቡዕ

ወንድሜ ለነገ የሚያደርገውን ሊጠይቅ መጣ። ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳትበላ፣ ብታለቅስም እንዳይራራላት፣ ከረሜላ እንኳ እንዳይሰጣት ነገርኩት። ትክዝ ብሎ ይሰማል። እሙዬ እንደ ልማዷ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች። ጀርባዋን ስደባብስ መዳፌን የሆነ ነገር ነዘረኝ። ጀርባዋ ይርገበገባል። ያቆማል። ይርገበገባል። ትኩሳት ያንቀጠቀጣት መስሎኝ ደንግጬ ፊቷን ቀና አደረግኩት። ዓይኗ ይስቃል። ከንፈሯ ግጥም ብሏል። አንገቷን ብነካው እሱም ይነዝራል።

ታንጎራጉራለች። ጭኔ ላይ ተኝታ። መዳፌ ሰምቷታል፤ ጆሮዬ ላይ ግን ወፍ የለም።

«ይህንን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታደርገው?» አልኩት ወንድሜን።

«ኧረ አቁማም አታውቅ» አለኝ። ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ጮክ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው።

ቆሌዬ ተገፈፈ። ነገ ይህችን ልጅ ላስተኛት ነበር። ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ፣ ኩሩ ሆኜ፣ ረዳቷን እየገላመጥኩ። ምላሷ ወደ ኋላ ቢወድቅ ማሽኑ ይጮሃል፣ እንግዳ ተቀባዩ ከታች ይሰማል፣ መንገደኛው ይሰማል፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ደረቷ ይነሳል እያልኩ አያለሁ።

ለወንድሜ አልነገርኩትም። አፌን ከፍቼ ስለ ከረሜላው ደገምኩለት። ምን ዓይነት ፈሪ ሆኛለሁ! ከሸኘሁት በኋላ ለኤሊው ደወልኩ። ግማሹ አልሰማኝ ሲል ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ እሱ እየተቀበለ ነገረኝ። ነገ ይመጣል። «ቲቸር አትቆጣም አይደል?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ አለኝ ባለቤቴ። እኔ ነኝ የጠራሁት እኮ፣ ምን ያስቆጣኛል? ባለቤቴ ስልኩን አስቀምጦ እጄን ያዘኝ። የሆነ ነገር ቢልም አልሰማውም።

ሐሙስ

ኤሊው በሰዓቱ መጣ። ሸብቷል። እሙዬ ጥግ ይዛ ስታለቅስ እሱም መሬት ላይ አጠገቧ ቁጭ አለ፤ እስክትለምደው ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አወጣናት፤ እጄን ይዛ ተኛች። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ። ድምፁን ሞከረ። ቁጥሩን አየ፣ ደረቷን አየ፣ የትንፋሹን መስመር አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። ያ መዟዟሩ ድሮ ጨጓራዬን ይልጠው ነበር። ዛሬ አንዱን እንዳይዘል ቆሜ ጠበቅኩት። አልዘለለም። ወጣሁ።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ ከአግዳሚው ብድግ አለ። «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውስጥ ማን አለ?» ተማሪዬ አለ፣ ጎበዝ ነው አልኩት። «እኔ ላንቺ ብዬ ነው የሰጠኋት! ለተማሪሽ ነው እንዴ?» ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ያያሉ። ጠጋ ብዬ በለሆሳስ ነገርኩት፣

«ጆሮዬ አይሰማም።»

በለሆሳስ መስሎኝ ነበር። ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። አንዲት ሴትዮ የያዘችውን ውሃ ደፋች።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ አፉን እንዳየው አድርጎ፣ «እናውቃለን» አለ።

«ምኑን?»

«ሁላችንም እናውቃለን እታለም። ዓመት አለፈው።»

«አውቀህ ነው ልጅህን ልትሰጠኝ የነበረው?»

«ማን ይንገርሽ?» አለኝ። «ባልሽ አንዴ ቢሞክር ሳምንት አኮረፍሽው። እኔ ብልሽ ደንቆሮስ አንተ ትይኛለሽ። ስንት ዓመት ስትሰድቢኝ ኖርሽ፣ ለመድኩት፤ ይሄኛውን ግን ከየት ልጀምረው? ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ምናልባት እሷ ላይ ስትደርስ ትሰማለች እያልኩ።»

«ከልጅህ ነፍስ የኔን ምላስ ፈራህ?»

ጥፍሩ ውስጥ የገባውን የጋራዥ ጥቁር ዘይት ይፈለቅቃል። ስድብ ፈለግኩለት። ለሁሉም ሰው ስድብ ያለኝ ሴትዮ ለዚህ አጣሁ። ያቺ ረዳት ነበረች የምትታየኝ። የዚያን ዕለት ትከሻዬን ነክታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ለሹፌሩ ፈርታ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔን ነው። ማሽኑ ሲጮህ፣ ቁጥሩ ከዘጠና በታች ሲወርድ፣ እያየች፣ እጇን እየዘረጋች፣ እየመለሰች። ልትነካኝ እስክትደፍር ነው ሰማንያ አንድ የደረሰው።

የዚያ ሰውዬ ሚስት ደረጃው ላይ አመሰግናለሁ ብላኝ ነበር። ቀና ብዬ ተቀብያታለሁ።

በሩ ተከፈተ። ኤሊው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ወጣ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ ብድግ አለ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«አልሰማሁህም» አልኩት። «ድገምልኝ።»

ደገመው። አሁንም ምንም። «ኧረ አፍህን ከፈት አድርገህ ተናገር፣ እንደገና!» አልኩት። ሦስተኛው ላይ ወንድሜ እየሳቀ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ።

«ነቅታለች! ትንፋሿ አንዴም አልተቋረጠም! ጣቱን ነክሳዋለች!»

ደግ አደረገች አልኩ። ይህንንም ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፤ ኤሊው ጣቱን እንደያዘ ሳቀ።